የተጠባባቂዋ ባቡር አስራ ሰባት ጉዞዎች

ሰኞ 4

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ተጠባባቂ ባቡር ማለት የተበላሸ ባቡር አይደለም። ትርፍ ባቡርም አይደለም። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ተፈትሾ፣ መብራቱ በርቶ፣ ነጂው መቀመጫው ላይ ሆኖ፣ አራተኛው ጣቢያ አጠገብ ባለው የጎን ሐዲድ ላይ የሚቆም ሙሉ ባቡር ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ባቡር እስኪበላሽ ድረስ አይሄድም። ሌላው ሲበላሽ በአራት ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ ቦታውን ይይዛል። ቁጥሩንም ይወስዳል። ዘጠኝ ቁጥር ከተበላሸ ተጠባባቂው «ዘጠኝ ቁጥር» ተብሎ ይመዘገባል፤ ማታ መዝገቡ ሲዘጋ ዘጠኝ ቁጥር በሰዓቱ ደረሰ ይባላል።

ማንም ሳይጠይቀኝ ይህን የምጽፈው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር መነሻውን ሳላስረዳ ወደ ስሌቱ ገብቼ ስለማላውቅ ነው። እኔም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ተጠባባቂዋን የምትነዳው የወንድሜ ልጅ ናት፤ ወንድሜ ካረፈ ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ሥራውን የጀመረች ሰሞን አንድ ጎረቤት «ልጅቷ ምን ትሠራለች?» ቢለኝ፣ «ባቡር ነጂ ናት፤ ባቡር አትነዳም እንጂ» ብዬ አስቄዋለሁ። አሁን ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

ዛሬ ለባቡር ድርጅቱ የምስጋና ደብዳቤ በፖስታ ላክሁ። ባለቤቴ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች አስራ አንድ ወር ሆናት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ወደ ሆስፒታል እወስዳታለሁ፤ እስካሁን መቶ አርባ ሦስት ጉዞ። ከሁለት ደቂቃ በላይ የዘገየንበት አንድም ቀን የለም። በደብዳቤው ያሰፈርሁት ይህንን ነው። ስለ ተጠባባቂዋም አንድ አንቀጽ ጽፌ ነበር፤ መልሼ ሰረዝሁት። ነጂዋ የሥጋ ዘመዴ ናት። እኔ ክፍል በነበረች ጊዜ እንኳ የእሷን ወረቀት የማርመው በመጨረሻ፣ ከሌሎቹ ጠበቅ አድርጌ ነበር። ከደብዳቤው ግርጌ «አንድ ጡረተኛ መምህር» ብዬ ፈረምሁ።

ረቡዕ 6

ሆስፒታል፣ መጠባበቂያ ክፍል። ባለቤቴ ማሽኑ ላይ ከሆነች እኔ አራት ሰዓት ነፃ ነኝ፤ በዚህ ደብተር ረዘም አድርጌ የምጽፈው እዚህ ነው።

ሰዓቱ ከሁለት እስከ ስድስት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ወንበሩ የሌላ ሰው ነው። ዘግይተህ ከመጣህ የዘገየኸው ከአራቱ ሰዓት ላይ ይቀነሳል። መጀመሪያ ቀን ነርሷ «አባባ፣ ማሽኑ አማላጅ አይሰማም፤ በሰዓቱ ይምጡ» ብላኝ ነበር። ሌላ ደብተር ያስያዘኝ ይኸው ነው። ቀኑን፣ የተነሳንበትን፣ የደረስንበትን እጽፍበታለሁ፤ የባቡሩንም መልክ አልተውም። ተጠባባቂዋ ሦስተኛ ፉርጎዋ ላይ አንድ በር ተቀይሮላታል፤ ቀለሙ ከሌሎቹ ይፈዛል። እሷ ስትሆን «ፍዝ በር» ብዬ እጽፋለሁ።

«ዛሬስ ስንት ዘገየን?» አለችኝ ባለቤቴ ከባቡር ስንወርድ።

«አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ።»

«ሰከንዱን ለማን ልታወርሰው ነው አንተ ሰውዬ?»

ዓርብ 8

በጥድፊያ። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ በሮቹ አልዘጋ አሉ። ሁላችሁም ውረዱ ተባለ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ «በቃ፣ ዛሬ አለቃዬ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚጠብቀኝ» አለ። የባለቤቴ እጅ ቀዝቅዟል።

መጣች። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ፍዟ በር ፊታችን ተከፈተች። በድምፅ ማጉያው፦ «ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን። ይህ ዘጠኝ ቁጥር ባቡር ነው።» የወንድሜ ልጅ ድምፅ ነው፤ የተረጋጋ፣ ጥርት ያለ።

«ምነው እቤትም እንዲህ ብታወራ!» አለች ባለቤቴ።

በየፌርማታው ትንሽ ትንሽ እያካካሰች፣ አንዴም ሳታንገጫግጨን አደረሰችን። በጊዜ ሰሌዳው 1፡46፤ የደረስነው 1፡48። ያ ሰውዬ ሲወርድ ስልኩን እያየ ነበር። መውረዳችንንም ረስቶታል።

ማክሰኞ 12

ዛሬ እጥበት ስለሌለ በማለዳ ከጎን ሐዲዱ በላይ ወዳለው የእግረኛ ድልድይ ሄድሁ። ልሰልል አይደለም። ልማር ነው።

ማንም በሌለበት ባቡር ውስጥ የወንድሜን ልጅ አየኋት። እያንዳንዱን በር ሁለት ሁለት ጊዜ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከፊት ወደ ኋላ ሄዳ ከኋላ ወደ ፊት ትመለሳለች። አንድ መቀመጫ ላይ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አነሳች። ከዚያ ቦታዋ ገብታ፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሃያ ሦስት ደቂቃ ቆሜ አየኋት፤ ስልኳን አልነካችም። ተማሪዎቼን ከፈተና በፊት እንዲህ ተቀመጡ ስል ኖሬ አንድም አልተቀመጠልኝም።

ባቡሮቹ የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት ዲፖ አንጋፋ መካኒክ ዳቦውን እየገመጠ በድልድዩ ሲያልፍ አጠገቤ ቆመ።

«ሙሽሪትን እያዩ ነው?» አለኝ።

«ሙሽሪት?»

«እሷን እኮ ነው። ሁልጊዜ ታጥባ፣ ለብሳ፣ ተዘጋጅታ ቁጭ። የሚወስዳት ግን የለም። ነጂዋን ሚዜዋ እንላታለን፤ አትቆጣም፣ ጥሩ ልጅ ናት።»

የቆመ ባቡር ለመንከባከብ ቀላል እንደሆነ ጠየቅሁት። መንጋጋው ቆመ።

«እርስዎም እንደ ቢሮ ሰዎቹ? የሚሄደው ባቡር ሲታመም ያጉረመርማል፣ እንሰማዋለን። የቆመች ግን ዝም ነው። ፍሬኗ ቢዝግ፣ ባትሪዋ ቢደክም፣ በተጠራች ቀን ነው የምታውቀው። ይህች ልጅ ግን ቆማ እንድትታመም አትፈቅድላትም። ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ነው ያየሁት። ሌላኛው እኔ ነኝ።»

ሰኞ 18

ከሰዓት በኋላ የወንድሜ ልጅ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተዘረጋች።

አዲሱ የባቡር ድርጅቱ ኃላፊ የዲፖውን ሠራተኞች ሁሉ ሰብስቦ ነበር አለችን። በእጁ ደብዳቤ ይዟል። የአንድ ተሳፋሪ የምስጋና ደብዳቤ ነው አለ፣ አነበበላቸው። ከዚያ፦ «መቶ አርባ ሦስት ጉዞ፣ አንድም መዘግየት የለም። የራሳችን መዝገብም ይህንኑ ይላል። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ጠዋት ጠዋት ሰው በሩ ላይ ተጣብቆ እየሄደ፣ አንድ ሙሉ ባቡር ለጌጥ የምናቆመው ለምንድነው?»

«ታዲያ ምን አላችሁ?» አለች ባለቤቴ።

«ምን እንላለን እትዬ? ደብዳቤውን ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። አሁን ዲፖ ውስጥ ሁሉም የሚያወራው ስለ አቶ መቶ አርባ ሦስት ነው። “አቶ መቶ አርባ ሦስት ቁርሱን ስንት ጊዜ አኝኮ ነው የሚውጠው?” ይባባላሉ።» ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ አንተ እንኳ እንዲህ አትቆጥርም፣ አይደል?»

ሻይ ቀዳሁላት። ሞልቶ ፈሰሰ።

ማክሰኞ 19

መቶ አርባ ሦስት የሚለው ቁጥር ትክክል ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት። በቁጥሩ ላይ ስህተት የለም።

ረቡዕ 20

ሆስፒታል። ሌላኛውን ደብተር ይዤ መጥቼ፣ ደብዳቤውን እስከ ላክሁበት ቀን ድረስ «ፍዝ በር» ያልሁባቸውን ቀናት ለቀምሁ። አስራ ሰባት ናቸው። ከመቶ አርባ ሦስቱ ጉዞዎቻችን በአስራ ሰባቱ ያደረሰችን ተጠባባቂዋ ናት። ያ የሌሎች ሰዎችን ጠዋት ሳይቆጥር ነው፤ በሌሎቹ ቀናት ማንን እንዳደረሰች አላውቅም።

ተማሪ ጥያቄውን ትክክል ሠርቶ፣ መንገዱን ሳያሳይ መልሱን ብቻ ሲጽፍ ግማሽ ነጥብ እቀንስ ነበር። «መልሱ ትክክል ነው እኮ መምህር!» ይሉኛል። «እንዴት እንደደረስህበት ካላሳየኸኝ ሌላው ሰው ተሳስቶ ይጠቀምበታል» እላቸው ነበር።

የሰረዝሁት አንቀጽ አራት መስመር ነበር።

ዓርብ 22

ከሰኞ ጀምሮ ሙከራ ነው። ለሦስት ሳምንት ተጠባባቂ አይኖርም፤ ሙሽሪት አስራ አምስት ቁጥር ተብላ እንደ ሌሎቹ ትመላለሳለች። የወንድሜ ልጅ ወደ ከሰዓት ፈረቃ ተዛውራለች። «ተዳርሽ እንግዲህ» እያሉ ሲቀልዱባት እንደዋሉ ነገረችን። ፊቷ ላይ ግን ቀልድ የለም።

ሰኞ 25

ለእውነቱ ያህል መጻፍ አለብኝ፤ ዛሬ ጉዞው የተሻለ ነበር። አንድ ባቡር በመጨመሩ መጨናነቁ ቀንሷል። ባለቤቴ ተቀምጣ ሄደች፣ ልጅ ያዘለች ሴትም አጠገቧ ተቀመጠች። ኃላፊው ሞኝ ሰው አይደለም። በሩ ላይ የሚጣበቁትን ሰዎች አይቷል፤ የሚታየውን አይቷል።

1፡46።

ዓርብ 29

1፡47። ደህና ነው። ምናልባት እኔ ነኝ የማጋንነው።

በየጣቢያው በሮቹ ሲዘጉ ትንፋሼን እንደምይዝ ዛሬ አስተዋልሁ።

ረቡዕ 4

ሁለተኛውን ጣቢያ አልፈን መሐል ሐዲድ ላይ ቆምን። መብራቱ ጠፋ። አስር ደቂቃ። ሃያ። «ሌላ ባቡር ይላክልን እንጂ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። «ከየት?» አለው ሌላው። ዝናብ። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍናለች። «ስንት ሆነ?» አለችኝ። ሰዓቴን በእጅጌዬ ሸፈንሁት። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

አስጎትተው ሲያወጡን ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። በጊዜ ሰሌዳው ብንደርስ ከሁለት ሰዓት በፊት አስራ አራት ደቂቃ ይቀረን ነበር። ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው ከሠላሳ ስምንት ደቂቃ በኋላ ነው። ነርሷን ለመንሁ፤ ሕይወቴን ሙሉ ሰዓት አክብሩ ብዬ ስጮህ የኖርሁ ሰው፣ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩልን ብዬ ለመንሁ። «አባባ፣ ቀጣዩም በሽተኛ ነው» አለችኝ። ልክ ናት።

ሐሙስ 5

ባለቤቴ ዛሬ ጫማዋ አልገባላት አለ፤ እግሯ አብጧል። ሁለት ትራስ ተደግፋ ነው ትንፋሽ ያገኘችው። እግሯን በርጩማ ላይ ሳደርግላት፦

«ደብዳቤውን የጻፍከው አንተ ነህ» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሰው ለምስጋና መቶ አርባ ሦስት ብሎ ይቆጥራል? ሰው “ሁልጊዜ” ነው የሚለው።»

«ቁጥሩ ትክክል ነው።»

«ቁጥሩን ማን ጠየቀህ? ልጅቷን ለምን ተውካት?»

ለዘመድ ላለማዳላት መሆኑን አስረዳኋት።

«አንተ ላለማዳላት ስትል ስንቱን ልጅ በድለሃል? ንገራት። ዛሬ ንገራት።»

አልነገርኋትም። ስትገባ ደክሟት ነበር።

ቅዳሜ 7

የወንድሜ ልጅ እቤት ዋለች። ሰኞ 16 የድርጅቱ ቦርድ ውሳኔ ይሰጣል፤ በሙከራው የተመዘገበው አንድ መዘግየት ብቻ ስለሆነ ሙሽሪት ከእንግዲህ ተመልሳ አትቆምም ይባላል አለችን። ይህን የምትናገረው የአክስቷን እግር እያሸች ነው።

«ተነስቼ ልናገር ነበር እትዬ። ግን ምን ብዬ? በመዝገቡ እኔ የለሁም። የወጣሁበት ቀን ሁሉ በሌላ ባቡር ቁጥር ነው የተጻፈው። በደንብ በሠራሁ ቁጥር ምንም እንዳልተፈጠረ ነው የሚቆጠረው።» ወደ ሌላኛው እግር ተሻገረች። «ለራሴ የያዝኋት ማስታወሻ አለችኝ። ግን የእኔን ወረቀት ብቻውን ማን ያምነዋል? “ለራሷ ቦታ ነው የምትከራከረው” ነው የሚሉት። የሚያይ ሌላ ሰው ቢኖር…»

ባለቤቴ አየችኝ። እኔ ስለ ዝናቡ ተናገርሁ።

ሰኞ 9

ባለቤቴን ማሽኑ ላይ ትቼ፣ በአራቱ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጣቢያ ተሻግሬ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ጸሐፊዋን የላክሁትን ደብዳቤ ማስመለስ እንደምፈልግ ነገርኋት።

«የአቤቱታ ነው?»

«የምስጋና።»

«ምስጋናዎን ነው የሚያስመልሱት?» ብዕሯን አስቀመጠች። «አባባ፣ አስር ዓመት እዚህ ተቀምጬ ምስጋና ሊያስመልስ የመጣ ሰው አላየሁም። ምስጋናም ራሱ ብዙ አይመጣም።»

ኃላፊው ሰምቶ ከክፍሉ ወጣ። ወጣት ነው፤ እጅጌውን ጠቅልሏል፤ ጠረጴዛው ላይ የተሳፋሪ ብዛት የተጻፈበት ወረቀት ተከምሯል። ጨብጦኝ እጄን አልለቅም አለ።

«መምህር! መቶ አርባ ሦስት እርስዎ ነዎት? እዚህም ቢሮ ሰሌዳ ላይ ነው ያለዎት እኮ!»

የጉዞውን ደብተር ከፍቼ አስቀመጥሁለት። ይከራከረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን ተቀምጦ ገጽ በገጽ አነበበው። እንዲህ የሚያነብ ሰው አከብራለሁ።

«ይህ ፍዝ በር የሚሉት ምንድነው?»

አስረዳሁት።

«በእኛ መዝገብ እነዚህ ሁሉ መደበኛ ባቡሮች ናቸው።»

«ቁጥራቸውን የወሰደችው እሷ ስለሆነች ነው።»

ሰሌዳው ላይ ወዳለው ደብዳቤዬ አቅጣጫ አየ። «እኔ ይህን ሥራ የያዝሁት ሰው ባቡር በር ላይ እንዳይጣበቅ ነው መምህር። በመዝገቡ ብልሽት የለም፤ ብልሽት ከሌለ ደግሞ…» አልጨረሰውም። ከዚያ ቀጥ ብሎ፦ «አንድ ሰው በመስኮት ያየውን ይዤ ቦርድ ፊት አልቀርብም። ነጂዋ የራሷ ማስታወሻ ካላት፣ ከእርስዎ ጋር ቀን በቀን ይመሳከርና ሁለታችሁም ፈርማችሁ አምጡልኝ። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ካለ እኔው ራሴ አቀርበዋለሁ። ቃሌ ነው። ነጂዋን ያውቋታል?»

«የወንድሜ ልጅ ናት።»

«ታዲያ ለምንድነው በደብዳቤው ያልጠቀሷት?»

«ለዚያ ነው ያልጠቀስኋት» አልሁት።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታል ተመልሻለሁ። ባለቤቴ «ነገርካት?» አለችኝ። «ሌላ ሰው ጋ ነው የሄድሁት» አልኋት። ዓይኗን ወደ ጣሪያው መለሰች።

ሐሙስ 12

ልጄ፣

ይህ ገጽ ለአንቺ ነው፤ ከዚህ በፊት ያሉትም ገጾች ከአሁን ጀምሮ ለአንቺ ናቸው። ከሰኞ እስከ ዛሬ በአፍ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ስለ ሌላ ነገር አወራሁ። ተማሪዎቼን ግን ስህተታችሁን በጽሑፍ አርሙ እያልሁ ነው ያሳደግኋቸው። ስለዚህ እኔም በጽሑፍ።

አቶ መቶ አርባ ሦስት እኔ ነኝ። ስለ አንቺ የጻፍሁትን አንቀጽ የሰረዝሁትም እኔ ነኝ። እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ነበር። በዚህ ምክንያት አንቺ ከባቡርሽ ተነሳሽ፣ አክስትሽ ከወንበሯ ላይ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ አጣች፤ ከእናንተ ሌላ ስንት ሰው ምን እንዳጣ አላውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

የተሰረዘው አንቀጽ ይህ ነበር፦ «ባቡራችን በተበላሸ ቀን ሁሉ፣ እኛ መጨነቃችንን ሳንጨርስ ደርሳ የምትወስደን ተጠባባቂ ባቡር አለች። ነጂዋ ማንም ሳያያት፣ ማንም ባይጠራትም፣ በየቀኑ ልክ እንደምትጠራ ሆና ትዘጋጃለች። በሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ትጋት ብዙ አላየሁም። ያላችሁን ሁሉ ስትቆጥሩ እሷን አትርሱ።»

አሁን የምጠይቅሽ። ሁለተኛውን ደብተር ከዚህኛው ጋር በቦርሳሽ ላይ አስቀምጫለሁ። አስራ ሰባቱ «ፍዝ በር» ቀናት በቀይ ተሰምሮባቸዋል። ከማስታወሻሽ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሪያቸው። የማይገጥም ካለ ለእኔ ብለሽ አታስተካክዪው፤ አክብቢው፣ የተሳሳትሁት እኔ ልሆን እችላለሁ። እኔ ያላየኋቸውን፣ ሌሎች ሰዎችን ያደረስሽባቸውን ቀናት ሁሉ ጨምሪ። ከገጠመ ከእኔ ፊርማ በላይ ፈርሚ፤ ስምሽን ሙሉውን ጻፊ። ከአለቃሽ ጋር መጋፈጥ ሊሆንብሽ እንደሚችል አውቃለሁ። አልፈርምም ካልሽ አልቀየምሽም፤ ግን እሱንም አሳውቂኝ፤ ብቻዬንም ቢሆን ሄጄ ስህተቴን ቦርዱ ፊት እናገራለሁ።

ቦርዱ ሰኞ ጠዋት ይቀመጣል። ወረቀቱን በንጹሕ ለመገልበጥ እሑድ ያስፈልገኛል። ስለዚህ እባክሽ፣ እሺም ሆነ እምቢ፣ እስከ ቅዳሜ ቀትር ድረስ መልስሽን ስጪኝ።